የቤንዚን ዋጋ የሚቆረጠው የት ነው?



ወር በገባ ቁጥር ከኤቨን የሁዳ ወደ ናታንያ ለሥራ በመኪና የሚመላለስ ወገናችን በቤንዚን ማደያው ሰሌዳ ላይ አዲስ ዋጋ ያያል። የጨመረ እንደሆነ «ባለ ማደያው ጨመረብን» ይላል። ዘመዱ ከኤይላት ደውሎ «እኛ ጋ ርካሽ ነው» ያለው እንደሆነ ደግሞ ንዴቱ ይብሳል። ንዴቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አቤት ለማለት በመጀመሪያ ዋጋውን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በእስራኤል አገር ባለ መኪናው ራሱ ለሚቀዳው (ሼሩት ዓጽሚ) የ95 ኦክታን ቤንዚን የዋጋ ጣሪያ አለው። ጣሪያውን በየወሩ የሚያስታውቀው የኢነርጂ ሚኒስቴር ነው፤ የሚጸናውም ወሩ ከሚገባበት እኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ሒሳቡ ከእነዚህ ነገሮች ይሰበሰባል፦ አንደኛ፣ የተጣራ ቤንዚን በሜዲትራኒያን ባሕር ገበያ የሚሸጥበት ዋጋ፤ ሁለተኛ፣ ይህ ዋጋ በዶላር ስለሆነ የዶላሩ ምንዛሪ፤ ሦስተኛ፣ የአከፋፋዮቹ ድርሻ፤ አራተኛ፣ «ብሎ» የሚባለው የነዳጅ ግብር። በዚህ ሁሉ ላይ ማዓም ይጨመራል። ማዓም ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል። ልብ በሉ፤ ማዓም የሚታሰበው በብሎው ላይ ጭምር ስለሆነ በግብር ላይ ግብር እንከፍላለን።

አብዛኛውን ጊዜ ከምንከፍለው ዋጋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግብር ነው። ብሎ ደግሞ በሊትር የተቆረጠ ገንዘብ ነው እንጂ ከገበያው ጋር አይወርድም። ስለዚህ «በዓለም ላይ ነዳጅ ረከሰ» የሚል ዜና ሰምተን ወደ ማደያው ስንሄድ ቅናሹ ጥቂት አጎሮት ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዶላር የተወደደ እንደሆነም የገበያው ቅናሽ በምንዛሪው ይበላል።

ታዲያ ዋጋው ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል? ጣሪያው ከመቱላ እስከ ዲሞና አንድ ነው። ኤይላት ግን በ1985 በወጣው ሕግ ነፃ የንግድ ቀጠና ስለሆነች ማዓም አይከፈልባትም። አንድ ሊትር በእኛ ዘንድ 7 ሸቀል ቢሆን ከዚያ ውስጥ 1 ሸቀል ከ7 አጎሮት ያህሉ ማዓም ነው፤ የኤይላት ርካሽነት ምሥጢሩ ይኸው ነው። ከጣሪያው በታች መሸጥ ግን ለሁሉም ማደያ የተፈቀደ ነው። ማደያዎች በሚፎካከሩበት ከተማ ቅናሽ ይገኛል፤ አንድ ማደያ ብቻ ባለበት መንደር ግን ባለ ማደያው የሚቀንስበት ምክንያት የለውም። የ98 ኦክታን ቤንዚንና የመኪና ናፍጣ (ሶላር) ጣሪያ የላቸውም። በናፍጣ መኪና ሠራተኛ የምታመላልሱ ወንድሞች፣ ሳትጠይቁ አትቅዱ። ሠራተኛው ሲቀዳላችሁም (ሼሩት ማሌ) በእያንዳንዱ ሊትር ጭማሪ እንዳለ እወቁ። በማሽኑ ላይ ያለውን ዕብራይስጥ ማንበብ የሚቸገሩ ወላጆቻችን ይህን ጭማሪ ሳያውቁት ይከፍላሉ። ልጆች፣ ለወላጆቻችሁ አንድ ቀን አብራችሁ ቆማችሁ አሳዩአቸው።

በአገራችን በኢትዮጵያም የየከተማውን ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነው። እዚያ ግን ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ስለሚመጣ የመንገዱ ርቀት በዋጋው ውስጥ ይገባል። የቤንዚን ነገር ቀላል እንዳልሆነም ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ዋጋው በተጨመረ ጊዜ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱም መንግሥት ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ።

እዚህም ቢሆን ግብር ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። በ2022 የዩክሬይን ጦርነት ዋጋውን ባናረው ጊዜ መንግሥት በአፕሪል ወር ከብሎው በሊትር ግማሽ ሸቀል ቀንሶ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ዋጋው በጁላይ ከ8 ሸቀል አለፈ። ስለዚህ የገበያውን ዋጋ መቆጣጠር ባይቻልም ግብሩን መቀነስ እንደሚቻል አይተናል።

ብሎ ሀብታሙንም ድሃውንም እኩል ያስከፍላል። አሮጌ መኪና ይዞ፣ አውቶቡስ ሳይጀምር ለንጋት ፈረቃ የሚነሣው የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኛ ግን ከደመወዙ ብዙውን ይከፍላል። አሠሪው የሚከፍለው የመጓጓዣ ገንዘብ (ኔሲዖት) በሕግ ጣሪያ አለው፤ ያ ጣሪያ ግን እንደ ቤንዚን በየወሩ አይነሣም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የወሩ ዋጋ ሲታወጅ ምን ያህሉ ግብር እንደሆነ በአማርኛም ይነገረን። ሁለተኛ፣ ቤንዚን ሲጨምር የመጓጓዣ ገንዘብ ጣሪያም አብሮ ይጨምር። እስከዚያው ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ ታሉሹን አውጥቶ ኔሲዖት መከፈሉን ይመልከት። ያልተከፈለው ይጠይቅ፤ መብቱ ነው።