አጭር ሕግ፣ ረጅም ልማድ

የድሮ ጨዋታ ቀላል ነው፣ የአሁኑ ግን ሕጉ በዝቶበታል የሚል አስተያየት በየቦታው ይሰማል። ማስረጃም የሚጠፋለት አይመስልም። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር የሚታየውን ጉግስ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው፤ አንዱ ወገን እየጋለበ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፣ አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻ ይመክታል። የዛሬ የስፖርት ደንብ ደግሞ የሜዳውን ስፋት፣ የተጫዋቹን ቁጥር፣ የሰዓቱን ርዝመትና የቅጣቱን ዓይነት በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ይዘረዝራል። ንጽጽሩ ግን ያሳስታል። የጉግስ ሕግ አጭር የሚመስለው ትልቁ ክፍሉ ከወረቀት ውጭ፣ በፈረሰኞቹና በሽማግሌዎቹ ዘንድ ስለተቀመጠ ነው። የአንድ ጨዋታ ጽሑፍ የሚረዝመው ጨዋታው ሲወሳሰብ ሳይሆን ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲራራቁ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ከላይ ባለው የአንድ ትንፋሽ መግለጫ ብቻ ጉግስ ለመጫወት የሚሞክር ሰው ወዲያው ይቸገራል። ዘንጉ ጋላቢውን ስቶ ፈረሱን ቢመታ ምን ይባላል? ጋሻው ከእጁ በወደቀበት ሰው ላይ ዘንግ መወርወር ይፈቀዳል? ማሳደዱ የት ላይ ያበቃል፣ ሸሺው ወገን መቼ ዞሮ አሳዳጅ ይሆናል? ጉልበተኛ ፈረስ ያለው ደካማ ፈረስ ባለው ላይ እስከ ምን ድረስ ሊጨክን ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች የጨዋታው ዳር ዳር አይደሉም፤ ሰውና እንስሳ በሙሉ ፍጥነት በሚጋልቡበት ሜዳ ላይ ዋናው ጉዳይ እነሱ ናቸው። መልሳቸው ሳይጻፍ ጨዋታው ትውልድ ተሻግሮ የቆየው በሜዳው ላይ ያለው ሁሉ መልሱን ከልጅነቱ እያየ ስላደገ ነው። በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገረው የፈረሰኞች ማኅበርም የጨዋታ ክለብ ብቻ አይደለም። አባላቱ በሐዘንና በሠርግ ይረዳዳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ በዓሉም በጦር ሜዳ የዋሉ አባቶችና ፈረሶቻቸው የሚታወሱበት ነው። በሜዳ ላይ ነውር የሠራ ሰው ነገ በለቅሶ ቤት እነዚያኑ ሰዎች ያገኛቸዋል። እንዲህ ያለ ትስስር ባለበት የቅጣት አንቀጽ መጻፍ ትርፍ ሥራ ነው፤ ቅጣቱ አስቀድሞ ኑሮው ውስጥ አለ።

አሮጌው ሁሉ ቀላል ነው የሚለውን ይበልጥ የሚያፈርሰው የራሳችን የቼዝ ዓይነት፣ ሰንጠረዥ ነው። ዓፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር እንደተጫወቱት የሚወሳው ይህ ጨዋታ፣ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ዘልቋል። አውሮፓ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ንግሥቷንና ጳጳሱን ረጅም ተጓዥ ሲያደርግ፣ የእኛው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ መራመዱን፣ ሳባውም በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት መዝለሉን ቀጠሉ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን አከፋፈቱ ነው። ወረራ በሚባለው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነትና የፈለገውን ያህል ጊዜ ጠጠሮቹን ያሰልፋል፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። እጅን ከጠጠር ላይ ሳያነሱ የተቃራኒን አሰላለፍ እያዩ የራስን መለወጥ እንዴት ያለ ዓይንና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። አጨራረሱም የራሱ ሥርዓት ነበረው። በደር (በግንቡ) ወይም በፈረስ ማት ማድረግ እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በሳባ፣ በፈርዝ፣ ከሁሉም በላይ በመደቅ (በወታደሩ) መጨረስ ያስመሰግን ነበር። ዙሪያውን የተቀመጠው ተመልካችም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይተቻል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ዘመናዊው ቼዝ ከሰንጠረዥ ይልቅ ግልጽ ነው። ማት ማት ነው፤ በምን ጠጠር ተደረገ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቼዝ ፌዴሬሽን ያስፋፋውን ሕግ አንድ የዳንግላ ተማሪ ማንንም ሳያውቅ ከመጽሐፍ ሊማረው ይችላል። ሰንጠረዥን ግን ከአዋቂ አጠገብ ሳይቀመጡ መማር አይቻልም ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሰንጠረዥ እየደበዘዘ የጠፋበትን ምክንያት እኔ ከዚህ ጋር አያይዘዋለሁ፤ ሕጉን በአእምሮው ይዞ የነበረው የመኳንንት ክበብ ሲበተን ሕጉም አብሮት ተበተነ። ገበጣ የተሻለ ዕድል ያገኘው ከአንድ የኅብረተሰብ ክፍል ጋር ስላልታሰረ ይመስለኛል፤ ባለ 12 ጉድጓዱም ባለ 18ቱም በየአካባቢው የየራሱ አካሄድ አለው፣ ሁለት ሰዎችም ከመጀመራቸው በፊት በየትኛው እንጫወት ብለው ይስማማሉ።

ይኸው ነገር ከእኛ ባህል እጅግ በራቀ ጨዋታም ደርሷል። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የጀግና ወይም የጠንቋይ ገጸ ባሕርይ እየተላበሱ በምናብ ዓለም የሚጓዙበት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ደራሲነት ሲታተም ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ብቻ ነበር። ጽሑፉ አንባቢው ቼይንሜይል የሚባለውን ቀደም ያለ የጦርነት ጨዋታ የሚያውቅ አድርጎ ይቆጥራል፤ የጎደለውንም ተጫዋቾቹ በራሳቸው ምናብ እንዲሞሉ ይጋብዛል። በአጭር መጽሐፍ ላይ ረጅም ልማድ ያረፈበት ጨዋታ ማለት ይህ ነው። ደራሲዎቹን ለሚያውቀው ክበብ ይህ በቂ ነበር። መጽሐፉ በፖስታ ወደማያውቋቸው ከተሞች ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ጠረጴዛ የየራሱን ጨዋታ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1979 በሦስት ወፋፍራም ጥራዞች የወጣው የላቀው እትም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጋይጋክስም ከቦታ ቦታ የማይለያይ፣ ለውድድር የሚሆን አንድ ወጥ ጨዋታ እንደሚያስፈልግ ይከራከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ደግሞ በየቦታው የተለያየ ስሌት ይጠይቅ የነበረውን አሠራር ሰብስቦ በአንድ ባለ 20 ፊት ዳይስ ዙሪያ አዋቀረው። ገጹ በዝቷል፣ አመክንዮው ግን ቀልሏል። ቀጭኑን የ1974 መጽሐፍ ያለ አስተማሪ መረዳት ወፍራሙን ከመረዳት ይከብዳል።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። ያልተጻፈ ሕግ የጉልበተኛ ሕግ ነው፤ ሽማግሌው የወደደውን ይፈቅዳል፣ የጠላውን ይከለክላል፣ ከሌላ ወረዳ የመጣው፣ ታዳጊውና ሴቷ ይግባኝ የሚሉበት የላቸውም። ይህን አላቃልለውም። ለእንግዳ ሰው የመጀመሪያው መከበሪያው የተጻፈ ደንብ ነው፤ የባህል ስፖርቶች አገር አቀፍ ውድድር ጉግስን፣ ገናንና ገበጣን ከተለያየ ክልል በመጡ ሰዎች መካከል ሲያካሂድ ደንብ መጻፉ ግድ ነው። ከየመንደሩ የመጣው ሁሉ የሚጋፋበትን፣ ቁጥርም ወሰንም ያልነበረውን የገና ሜዳ እንዳለ ወደ ስታዲየም ማምጣት አይቻልም። ነገር ግን ጽሑፍ የሚይዘው የሚቆጠረውን ነው። ስንት ጊዜ ተመታ፣ በስንት ደቂቃ ደረሰ የሚለው ይመዘገባል፤ ሊመታው ሲችል ዘንጉን የያዘ ጋላቢ ጨዋነት፣ በመደቅ ማት ያደረገ ሰው ክብር ግን በነጥብ ሰሌዳ ላይ ቦታ የለውም። ልጆች ደግሞ የሚለማመዱት ነጥብ የሚያስገኘውን ነው። ዳኛውን ሁሉን ነገር ከአንቀጽ እንዲያነብ ማስገደድም አድልዎን አያጠፋም፤ አድልዎው አንቀጹን ወደሚጽፈውና ወደሚተረጉመው ቢሮ ይዛወራል።

ስለዚህ ጥያቄው ይጻፍ አይጻፍ ሳይሆን ምኑ ይጻፍ የሚል መሆን አለበት። የፈረሱንና የጋላቢውን ደኅንነት የሚመለከተው ሁሉ፣ ማለትም የዘንጉ ጫፍ፣ የፈረሱ ጤንነትና ዕድሜ፣ የተመልካቹ ርቀት፣ አንድም ሳይቀር በግልጽና በማያሻማ ቃል መጻፍ አለበት፤ እዚህ ላይ ልማድን ማመን ሕይወት ያስከፍላል። የአጨዋወቱን ጨዋነት የሚመለከተው ግን ለሜዳ ሽማግሌዎች ቢተው ይሻላል፤ ሥልጣናቸው፣ ቁጥራቸውና ከየት ከየት እንደሚመረጡ በደንቡ ውስጥ ይስፈር፣ ከእንግዳው ወገንም ሰው ይቀመጥበት። ከዚህ ለይቶ ደግሞ በአዊ ወረዳዎች በባንጃ፣ በአንከሻና በዳንግላ ያሉ አዋቂ ፈረሰኞች በየአካባቢያቸው ምን እንደሚፈቀድ፣ ምን እንደሚነወር፣ በምን እንደሚለያዩ ልዩነቱ ሳይጨፈለቅ በድምፅና በምስል ቢቀረጽ፣ በአማርኛና በአዊኛም ቢጻፍ ሰንጠረዥ የደረሰበት ዕጣ ጉግስን አያገኘውም። ማኅበሩ በየወረዳው አባላት አሉት፣ እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ጥር 23ም በየዓመቱ አዋቂዎቹን ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበስባቸዋል፤ ሥራውን ከመጪው በዓል መጀመር ይቻላል።