ዳሌ ከመቀየሩ በፊት የዕቃውን ቀን እንጠይቅ

አንዲት የደብረ ወርቅ ጎረቤቴ የዳሌ መገጣጠሚያቸውን ለማስቀየር ቀጠሮ ይዘዋል። ልጃቸው «እማዬ፣ ዕቃው ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ አታስቢ» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ግን መታሸጉ ብቻ አይበቃም።

በሰው ሠራሽ ዳሌ ውስጥ የብረቱ ራስ የሚሽከረከረው ብዙ ጊዜ ፖሊኢትሊን በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1962 እ.ኤ.አ. ያስጀመሩት ነው። ፕላስቲኩ ከጀርም እንዲጸዳ ለብዙ ዓመታት አየር ባለበት እሽግ ውስጥ በጋማ ጨረር ይመታ ነበር። ጨረሩ ጀርሙን ይገድላል፤ ፕላስቲኩን ግን ለኦክስጅን ያጋልጠዋል። መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ የከረመ ጀሪካን እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይፋቃል፤ ብናኙ በዙሪያው ያለው አጥንት እንዲሳሳ ያደርጋል፤ ዳሌውም ይላላል።

ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ግን ኦክስጅን በሌለበት እሽግ በጨረር ወይም ያለ ጨረር በጋዝ ማጽዳት ተለምዷል።

ስለዚህ ሐኪማችሁን ጠይቁ፦ የማብቂያ ቀኑ አላለፈም? እሽጉ አልተከፈተም? የተከፈተ ፕላስቲክ እንደ መቀስ በእንፋሎት ተቀቅሎ አይገጠምም። የእሽጉን ተለጣፊ ወረቀት ከሕክምና ማስረጃችሁ ጋር አስቀምጡ። ቀድሞ የተገጠመላችሁም ባያማችሁ እንኳ ሐኪም በሚያዛችሁ ጊዜ ራጅ ተነሱ፤ አጥንቱ ሲሳሳ መጀመሪያ ላይ ላይሰማ ይችላል።

ጎረቤቴ ጥያቄዎቹን በልጃቸው ስልክ አስጽፈው ሄደዋል።