ሊኑክስንና ዊንዶውስን በአንድ ኮምፒውተር ስለ ማኖር

አንድ አባት ልጃቸው በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስን ልጨምር ብሎ ቢለምናቸው፤ የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ሁሉ በዊንዶውስ ውስጥ ስላለ እንዳይጠፋባቸው ሠግተው ምክር ጠይቀውናል። ሥጋታቸው የሚገባ ነው፤ ልጁን ግን ባይከለክሉት እንወዳለን። ሊኑክስ በ1983 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው፤ ያለ ዋጋ የሚገኝ፤ ውስጡም መማር ለሚወድ ሁሉ የተገለጠ ነው።

አስቀድሞ ፎቶግራፉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ የተገለበጠውም ተከፍቶ ይታይ። ቢትሎከር የሚባለው መቈለፊያ በርቶ እንደ ሆነ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቍጥር በወረቀት ይጻፍ፤ ይህ የጠፋበት ሰው ከገዛ ቤቱ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ቀጥሎ የሊኑክስ ስፍራ በራሱ በዊንዶውስ መሣሪያ ይከፈል። ፈጣን ማስነሻ የተባለውም ይዘጋ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ያንቀላፋል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋምና ሊኑክስ በዊንዶውስ ክፍል ላይ ሲጽፍ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ልጁ ሊኑክስን ሲጭን «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለውን እንዳይመርጥ አባት አጠገቡ ይቀመጡ፤ የቀረውን እርሱ ሳይሻል አይቀርም።

ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቍጥር ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሹ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ የዊንዶውስ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቢዘገይ አያስደንግጥ፤ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፍ አቈጣጠር፤ ዊንዶውስ ግን በአገሩ አቈጣጠር ስለሚይዙት ነው፤ በሊኑክስ በኩል በሚሰጥ አንድ ትእዛዝ ይታረቃሉ።