ብስክሌት ነጂ በመንገድ ላይ ሊይዘው የሚገባው ስፍራ

አንድ ሰው ብስክሌት መንዳት በጀመረ ጊዜ ከወላጁም ከጎረቤቱም የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ዳር ዳሩን ሂድ» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ መካሪውን መንቀፍ አይገባም፤ ነገር ግን ነገሩ በሚገባ ሲመረመር የመንገድ ጠርዝ የሚመስለውን ያህል የሚያድን ስፍራ ሆኖ አይገኝም።

በአዲስ አበባ መንገዶች ጠርዝ ላይ ያለውን ማስተዋል ይበቃል። የክረምት ውሃ የሚተኛው በዚያ ነው፤ ውሃውም የጉድጓዱን ጥልቀት ይሸፍነዋል። የውሃ መውረጃው ብረት ያለው በዚያ ነው፤ ክፍተቱ በመንገዱ አቅጣጫ የተዘረጋ እንደ ሆነ ቀጭኑን ጎማ ይውጠዋል። እግረኛ ወደ ኋላው ሳይመለከት የሚወርደው፣ ታክሲም ሰው ለማውረድ በድንገት የሚታጠፈው ወደዚያው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ቆሞ ያለ አውቶሞቢል ነው። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በቀኝ ስለ ሆነ፣ በቀኝ ዳር የቆመ መኪና የነጂው በር የሚከፈተው በግራ፣ ይኸውም በብስክሌተኛው ፊት ነው። በሩ በተከፈተ ጊዜ ብስክሌተኛው ወይ ከበሩ ጋራ ይጋጫል፤ ወይም እሸሻለሁ ብሎ ወደ ግራ ሲጣመም ከኋላው በሚመጣው ካሚዮን ፊት ይወድቃል።

ስለዚህ ከቆመ መኪና አንድ ሜትር ያህል፣ ከመንገዱ ጠርዝም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ርቆ፣ ወዲያና ወዲህ ሳይል ቀጥ ብሎ መሄድ ይሻላል። መኪናና ብስክሌት ጎን ለጎን ሊያልፉበት በማይችሉበት ጠባብ መንገድ ደግሞ ብስክሌተኛው የመስመሩን መካከል ይያዝ። ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም፤ የእንግሊዝ መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ባሻሻለው የመንገድ ደንብ ውስጥ ለብስክሌተኞች የሰጠው ምክር ከዚህ ጋራ የተስማማ ነው፤ መኪና ነጂውም ብስክሌተኛን ሲያልፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅ ይመክራል። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ብስክሌተኛው ጠርዙን ይዞ ሲያየው ነጂው «ስፍራ አለኝ» ብሎ ተጠግቶ ያልፋል፤ በፊቱ ሲያየው ግን ወይ ይታገሣል፣ ወይ መስመር ለውጦ ያልፋል።

«ነጂው ይቆጣል» የሚል አይጠፋም። ይቆጣ ይሆናል፤ የነጂ ቁጣ ግን ከተሰበረ አጥንት ይቀላል።

ይህም ቢሆን መኪና በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚበርርበት ሰፊ ጎዳና ተማሪን ልጅ «መካከሉን ያዝ» ማለት ጭካኔ ነው። በዚያ ስፍራ የሚያድነው የተለየ መንገድ ብቻ ነው። በኔዘርላንድ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ከ3,000 የሚበልጡ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ፤ ከእነዚህም ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ የዛሬው የብስክሌት መንገዳቸውም ከዚያ ጩኸት በኋላ ነው የተስፋፋው።

መኪናውን ፊት ለፊት እያዩ በግራ መሄድ የሚያድን የሚመስላቸውም ብዙዎች ናቸው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወረችው በ1956 ዓ.ም. ነበር፤ ብስክሌተኛ ግን ዛሬም በግራ ሲመጣ ይታያል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ መኪናው በሰዓት 40፣ ብስክሌቱ 15 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ የሚቀራረቡበት ፍጥነት 25 ነው፤ ፊት ለፊት ሲሆኑ ግን 55 ይሆናል። ከመታጠፊያ የሚወጣውም ነጂ አስቀድሞ የሚመለከተው ተሽከርካሪ ወደሚመጣበት ወደ ግራው ነው እንጂ ማንም ይመጣል ብሎ ወደማይጠብቅበት ወደ ቀኙ አይደለም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ለብስክሌት የተለየ መንገድ መሠራቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም የተለየው መንገድ ብስክሌተኛውን እስከ መስቀለኛው መንገድ ድረስ ይጠብቀዋል፤ አደጋው የሚመለሰው ከዚያ ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ካሚዮን የብስክሌተኛውን መንገድ ይቆርጣል፤ ነጂውም ከፍ ብሎ ስለ ተቀመጠ ከቀኝ ጎኑ ሥር ያለውን አያይም። ስለዚህ ብስክሌተኛ ከካሚዮን ቀኝ ጎን ፈጽሞ አይቁም፤ ወይ ከፊቱ ርቆ ይታይ፣ ወይ ከኋላው ይቆይ። መሐንዲሱም በበኩሉ የብስክሌቱን መሻገሪያ ከማዕዘኑ አንድ መኪና በሚያስቆም ርቀት ወደ ውስጥ ቢያገባው፣ ነጂው ታጥፎ ከጨረሰ በኋላ ብስክሌተኛውን በፊቱ ያየዋል።

የተሠራውም መንገድ መኪና ከቆመበት ጥቅሙ ይቀራል፤ ብስክሌተኛው ሳይወድ ወደ መኪናዎቹ መካከል ይወጣልና። በዚህ ነገር ሹማምንት ራሳቸው ከነቀፋ ነጻ አይደሉም። ብዙ ጊዜ ባለሥልጣኑ ከኋላ በቀኝ ወንበር ተቀምጦ ሳለ ሾፌሩ ከብስክሌቱ መንገድ አጠገብ ያቆምለታል፤ እርሱም በችኮላ በሩን ወደዚያው ይከፍታል። በቀኝ የተቀመጠ ሰው በሩን በግራ እጁ ቢከፍት ሰውነቱ ስለሚዞር ዓይኑ ሳይወድ ወደ ኋላ ይመለከታል። ገንዘብም አዋጅም የማይጠይቅ ነገር ስለ ሆነ፣ ካህናትም ከቅዳሴ በኋላ መኪና ላላቸው ምእመናን በአንድ ቃል ሊያሳስቡት ይችላሉ። መስመሩን ከቆሙ መኪናዎች ማጽዳትና መሻገሪያውን ማስተካከል ግን የከተማው አስተዳደርና የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው፤ ይህም የትምህርት ቤት በር ካለበት መንገድ ቢጀመር ይመረጣል።