ኢንዛይሙ ከከረጢት ወይስ ከብቅል?

በአገራችን የዶሮ እርባታ በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ ዝርያ ነው። የተሻሻሉ ጫጩቶች ታድለዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የ«ሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብርም ዶሮንና እንቁላልን ከወተትና ከማር ጋር አሰልፏል። ጫጩቷ ምን ትበላለች? ከበላችውስ ምን ያህሉ ይዋሐዳታል? የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ሆኖም ለገበያ ዶሮ የሚያረባ ሰው ከሚያወጣው ገንዘብ አብዛኛውን የሚወስደው መኖ ነው።

በኮላ ድባ የራሱን መኖ ማዘጋጀት የሚፈልግ ወጣት በእጁ ምን አለ? ከደጋው ከዳባትና ከደባርቅ የሚወርድ ገብስ፣ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ፣ ከዘይት መጭመቂያ የኑግ ፋጉሎ። እነዚህ ሁሉ ዶሮ በራሷ ልትፈታው የማትችለው ነገር አለባቸው። ገብስን እንመልከት። በፍሬው የሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ቤታ-ግሉካን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ በጫጩቷ አንጀት ውስጥ ውሃ ሲያገኝ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ ያን ጊዜ የምግብ መፍጫ ፈሳሾች ወደ ስታርቹና ወደ ፕሮቲኑ መድረስ ያቅታቸዋል። ሳይፈጭ የቀረው ለባክቴሪያ ድግስ ይሆናል፤ ኩሱ ይጣበቃል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ ጫጩቷም ትቀጭጫለች። ቤታ-ግሉካኔዝ የተባለው ኢንዛይም ይህን ረጅም ሰንሰለት ይቆራርጠዋል። ገብስ በብዛት የምታበቅለው ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ይህን ለገበያ ካዋሉት ቀደምት አገሮች አንዷ ናት። ለፉርሽካ ደግሞ ዛይላኔዝ አለ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ ለገብስ የተሠራው ኢንዛይም በበቆሎ መኖ ላይ ቢነሰነስ ገንዘብን መበተን ነው።

ሦስተኛው ፋይቴዝ ነው። በጥራጥሬና በፋጉሎ ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛው ያህል በፋይቴት ታስሮ ስለሚገኝ ዶሮ በአብዛኛው በኩሷ ትጥለዋለች። አርቢው ፎስፈረስ ገዝቶ ይጨምራል፤ የተጣለው ደግሞ ከዝናብ ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል። የደምቢያ ሰው ይህን በቸልታ የሚያይበት ምክንያት የለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጣናን ሰሜናዊ ዳርቻ የወረረው እምቦጭ የሚፋፋው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነውና። እምቦጭን ያመጣው ዶሮ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን በሐይቁ ዙሪያ ትልልቅ እርባታዎች እንዲስፋፉ የምንመኝ ከሆነ ስለ ኩሱም ከወዲሁ ማሰብ ይገባል።

ስለ አንጀት ጤንነት ሲነሣ አንዳንዱ አርቢ የሚቀናው አንቲባዮቲክ መጨመር ነው። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያነት ብቻ በመኖ መስጠትን እ.ኤ.አ. ከ2006 መግቢያ ጀምሮ የከለከለው መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች ወደ ሰው እንዳይሻገሩ ነው። ያልተፈጨ ምግብን መቀነስ በእኔ እምነት የተሻለው መንገድ ነው።

ታዲያ ኢንዛይሙን ከውጭ አስመጥተን እናድል? ለትልቁ መኖ ፋብሪካ አዎን። ለኮላ ድባው ወጣት ግን እጠራጠራለሁ። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ለ1 ቶን መኖ የሚያስፈልገው በግራም የሚለካ ስለሆነ በአካፋ ሲደባለቅ አንዷ ዶሮ ብዙ፣ ሌላዋ ምንም ላታገኝ ትችላለች። በየጓሮው ጥሬ ለቅማ ለምትኖረው ዶሮ ደግሞ ከኢንዛይም በፊት የፈንግል ክትባት ይቅደምላት።

የሚገርመው ግን ቤታ-ግሉካኔዝ በየቤታችን መኖሩ ነው። ገብስ ሲበቅል የራሱን ግድግዳ ለማፍረስ ይህንኑ ኢንዛይም ያመነጫል፤ እናቶቻችን ለጠላ የሚያዘጋጁት ብቅል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ገብስን በውሃ ነክሮ ማድረቅ ብቻውን የጫጩቶችን እድገት እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። እርግጥ በብቅል ውስጥ ያለው መጠን ከእህል እህል ይለያያል። በእሳት እንደ አሻሮ ከተቆላ ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ስለዚህ በጥላ ነፋስ ወይም በለስላሳ ፀሐይ መድረቅ አለበት። የሻገተ ብቅል ደግሞ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ለዶሮ መስጠት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ከምክንያቶቹ አንዱ ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ተማሪ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። የመመረቂያ ጥናት ርእስ ለቸገረው ተማሪ የምለው ይህን ነው፦ ዕድሜያቸው እኩል የሆነ ጫጩቶችን በሦስት ከፍለህ ለአንዱ ወገን ጥሬ ገብስ፣ ለሁለተኛው የተነከረ፣ ለሦስተኛው ከፊሉ በብቅል የተተካ መኖ ስጥ። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ይሁን። በየሳምንቱ መዝን፤ የበሉትን መዝግብ፤ ጉዝጓዙንም በእጅህ ጨብጠህ እርጥበቱን እይ።