«ጎ» እና ጓዙ

እንግሊዝኛ የሚጀምር ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚያጠናቸው ቃላት አንዱ «ጎ» ነው። ትርጉሙ «ሄደ» ነው ተብሎ በደብተር ይጻፋል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ተማሪው ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር ረጃጅሙን ቃል ያሳድዳል። ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡትን፥ አፍ የሚሞሉትን ቃላት እየሰበሰበ ይሸመድዳል። ፈተናውን ያልፋል፤ ዲግሪውንም ይቀበላል። ከዚህ በኋላ ከአንድ እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ ጋራ አሥር ደቂቃ የተጨዋወተ እንደ ሆነ ግን የሚያሰናክለው ረጅሙ ቃል አይደለም። የሚያሰናክለው ያ በመጀመሪያው ሳምንት አውቄዋለሁ ብሎ ያለፈው ትንሹ «ጎ» ነው።

ምክንያቱም የቋንቋው ባለቤቶች «ጎ»ን ብቻውን አይተዉትም። «ኦን»፥ «ኦፍ»፥ «ኦቨር»፥ «ስሩ»፥ «አንደር» ከሚባሉት ጥቃቅን ቃላት አንዱን ያስከትሉለታል፤ ወዲያው ሌላ ግሥ ይሆናል። «ጎ ኦን» ቀጠለ ማለት ነው። «ጎ ኦቨር» ሒሳብን ወይም ጽሑፍን መረመረ፥ ከለሰ ነው። «ጎ ስሩ» መከራን አሳለፈ፤ «ጎ አንደር» ነጋዴው ከሰረ፤ «ጎ ዊዝአውት» ሳያገኝ ቀረ፤ «ጎ ባክ ኦን» ቃሉን አጠፈ። ከእነዚህ ሁሉ በአንዱም እግሩን ያነሣ ሰው የለም። «ጎ ፎር» ደግሞ ይብሳል፤ በምግብ ቤት ዓሣውን መረጥሁ ለማለትም፥ ውሻው ፖስተኛውን ዘሎ ያዘው ለማለትም ያገለግላል።

ነገሩን ቀላል አድርገን እንዳናየው አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ማንችስተር ሄዶ በአንድ ላቦራቶሪ ይሠራል እንበል። ሌሊት ባልደረባው ስልክ ደውሎ የላቦራቶሪው የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል «ጎን ኦፍ» መሆኑን ይነግረዋል። ተማሪያችን መብራቱ «ወንት ኦፍ» ሲባል ጠፋ ማለት መሆኑን በትምህርት ቤት ተምሯል። እንግዲያው ደወሉም ጠፍቷል፥ ዝም ብሏል ማለት ነው ብሎ ፈጣሪውን አመስግኖ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ደወሉ ግን መጮኽ የጀመረው ገና አሁን ነው! (በነገራችን ላይ «ወንት» የ«ጎ» ኀላፊ ጊዜ ሆኖ የሚያገለግል የውሰት ቃል ነው፤ «ዌንድ» ከሚባል ሌላ ግሥ የተወሰደ ነው። «ጎ» የራሱን ኀላፊ ጊዜ እንኳ በቤቱ አላቆየም።)

ታዲያ አንዱ «ጎ ኦፍ» እንዴት መጥፋትም መጮኽም ይሆናል? ብዙ መምህራን «ፈሊጥ ነውና እንዲሁ አጥኑት» ብለው ያልፉታል። በእኛ አስተያየት ይህ መልስ አይደለም። «ኦፍ» የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ ከአንድ ነገር መለየትን፥ መራቅን የሚያመለክት ነው። ስለዚህ ነገሩ ከምን ተለይቶ ሄደ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመብራት ሥራው መብራት ነው፤ ከዚያ ሲለይ ይጨልማል። የማስጠንቀቂያ ደወል ግን ሥራው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ከዝምታው ሲለይ ይጮኻል። ጠመንጃና ፈንጂም እንደዚሁ ናቸው። እንግሊዞች ወተቱ «ጎን ኦፍ» ሲሉ ደግሞ ከደኅንነቱ ተለየ፥ ተበላሸ ማለታቸው ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። እኛም «ክረምት ገባ» ስንል ጀመረ ማለታችን ነው፤ «ፀሐይ ገባች» ስንል ግን ቀኑ አለቀ ማለታችን ነው። «ክረምት ወጣ» ስንል አበቃ ነው፤ «ፀሐይ ወጣች» ስንል ጀመረች ነው። አንዱ «ገባ» በአንድ አፍ መጀመሪያም መጨረሻም ይሆናል፤ በዚህም የተደናገረ የአማርኛ ተናጋሪ አላየንም። ክረምት ወደ እኛ እንደሚገባ፥ ፀሐይ ግን ከእኛ ተሰውራ ወደ ማደሪያዋ እንደምትገባ ሁላችንም ሳንማረው እናውቃለን። «ነገሩ ገባኝ»፥ «ቃል ገባ»፥ «በሰው ነገር ገባ» የሚሉትን ብንጨምር ደግሞ የእኛ «ገባ» ከእነሱ «ጎ» የሚያንስ ጓዝ የለውም። የጥቃቅን ቃላትን ኀይልማ ከእኛ ይልቅ ማን ያውቃል? «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በአንዲት ፊደል ይለያሉ፤ አንዱ ሰው እየሳቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል፥ ሌላው እያዘነ ይወጣል።

ይህን ስንል አማርኛውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛው እንገልብጠው ማለታችን አይደለም። እነሱ ቃሉን ያጠፈ ሰው በቃሉ ላይ ወደ ኋላ ሄደ ይላሉ፤ እኛ እንደ ጨርቅ እናጥፈዋለን። መንገዱ የተለያየ ነው። ነገር ግን አእምሮው ሥራውን የሚያውቀው ነውና፥ ተማሪው በገዛ ቋንቋው የሚያደርገውን ካስተዋለ የእንግሊዝኛውን ዝርዝር እንደ ስልክ ቁጥር አይሸመድድም።

የታሪኩን ነገር በአጭሩ እንጥቀስ (ዘመኖቹን በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን)። ጥንታዊው እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ከግሡ ፊት ይለጥፋቸው ነበር፤ ኋላ ቀስ በቀስ ከግሡ ወደ ኋላ ተሻገሩ። በ1066 ኖርማኖች አገሩን ከያዙ ወዲህ ደግሞ የፍርድ ቤቱና የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ የሊቃውንቱ ላቲን ነበረ። የገበሬው ቤትና ገበያው ግን በአሮጌዎቹ አጫጭር ቃላት ጸና። ከዚህም የተነሣ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ቀርቶላቸዋል። በጽሕፈት «ኤክስፕሎድ» ያሉትን በአፋቸው «ጎ ኦፍ» ይሉታል፤ «ኮንቲኑ» ያሉትን «ጎ ኦን» ይሉታል። እኛ የወረስነው የመዝገብ ቤቱን በኩል ነው። የመኝታ ቤቱንና የገበያውን በኩል አልያዝንም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ላሳተመው መዝገበ ቃላት በጻፈው መቅድም፥ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይኸው የግሥና የጥቃቅን ቃላት ጥምረት መሆኑን ገልጿል። ነገሩ እንግዲህ አዲስ አይደለም።

ሲ. ኬ. ኦግደን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1930 ይህን ችግር በብልሃት ለመገላገል አስቦ ነበር። ለባዕዳን የሚሆን 850 ቃላት ብቻ ያለው እንግሊዝኛ አዘጋጀ፤ ግሦቹም 18 ብቻ ነበሩ፤ «ጎ» ከእነሱ አንዱ ነው። ቁጥሩ ሲታይ ያስጎመጃል። ነገር ግን ግሦቹ ሲቀነሱ ሥራው ሁሉ በ«ጎ»ና በመሰሎቹ ላይ ተጫነ፤ እያንዳንዱም ከጥቃቅኑ ቃላት ጋራ ሲጣመር አዲስ ትርጉም ያወጣል። ጥምሩ ደግሞ በ850 ውስጥ አልተቈጠረም። ሸክሙን ከአህያው አውርዶ በበቅሎው ላይ መጫን ነው እንጂ ማቅለል አይደለም።

የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ይህ ሀብታቸው የት ቦታ እንደሚያሰጋ አጥተውት አይደለም። በአውሮፕላን የሬዲዮ ንግግር ደንብ «ጎ አሄድ» ማለት «እየሰማሁህ ነው፥ ተናገር» ማለት ነው። ሆኖም አብራሪው «እለፍ» የተባለ መስሎት አውሮፕላኑን እንዳያንቀሳቅስ፥ ለዚህ የሚያሰጋ ሲሆን ቃሉን መጠቀም አይገባም። የብሪታንያ ተቆጣጣሪዎችም በምትኩ «መልእክትህን አስተላልፍ» የሚል ሐረግ ይዘዋል። ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፥ በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፥ ጉም በሸፈነው ሜዳ ላይ የኔዘርላንድ አውሮፕላን ካፒቴን በቋንቋው «እንሄዳለን» አለ። ረዳቱም በእንግሊዝኛ «አሁን ቴክ ኦፍ ላይ ነን» የሚል መልእክት በሬዲዮ ሰደደ። ተቆጣጣሪው ለመነሣት ተዘጋጅተው ቆመዋል ብሎ ተረዳ፤ አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። በዚያው ሜዳ ላይ ከነበረው የአሜሪካ አውሮፕላን ጋራ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የአደጋው ምክንያት ብዙ ነው፤ ጉሙም፥ ችኮላውም፥ የሬዲዮው መደራረብም አለበት። ቢሆንም «ቴክ ኦፍ» የ«ጎ ኦፍ» የቅርብ ዘመድ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደርጓል።

በመሥሪያ ቤትስ? ለወጣት ባለሥልጣኖቻችን የምንለው፥ በእጃችሁ ስትጽፉ ረጅሙንና ግልጹን ቃል መምረጣችሁ ነውር የለበትም፤ በጆሯችሁ ግን ትንሹን ናቁ አንልም። ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ «ጎ አሄድ» ሲል «ፈቅደናል፥ ጀምሩ» ማለቱ ነውና፥ «ወደ ፊት መሄድ ትችላላችሁ» ተብሎ የተተረጐመ እንደ ሆነ የክፍሉ ኀላፊ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። ከሁሉ የሚያታልለው ግን «ጎ አሎንግ ዊዝ» ነው። በስብሰባ ላይ አንድ እንግሊዛዊ ልዑክ ስለ ቀረበው ሐሳብ ይህን ያለ እንደ ሆነ ትርጉሙ አብሮ ከመሄድ አይርቅም፤ ነገር ግን መንገዱን የመረጠው እሱ አይደለም። ብዙ ጊዜ የራሴ ምርጫ ባይሆንም አልከለክልም ማለቱ ነው። እንግዲህ ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው ወጣት «በደስታ ተቀበሉት» ብሎ ከመጻፉ በፊት «አልተቃወሙም» የሚለው ይበቃ እንደ ሆነ ብዕሩን አንሥቶ ጥቂት ቢያስብ ይሻላል።