የመልስ ቁልፉና የሽማግሌ መነጽር

ሐይቅ ከተማም ሆነ ውጫሌ፣ 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ «ዝግጅት» ማለት ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልግም። ያለፉት ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች ፎቶ ኮፒ ይሰበሰባል፣ መልሱ በቴሌግራም ይወርዳል፣ ልጁም እየደጋገመ ይሸመድዳል። ሐኪም መሆን የፈለገውም መሐንዲስ መሆን የፈለገውም መንገዱ ይኸው ነው፤ የዓይን ባለሙያ ለመሆን ያሰበውም እንዲሁ። ኦፕቶሜትሪ የሚባለው ይህ የዓይን ሙያ በአሜሪካ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ስሌትና አንብቦ መረዳት ይፈተንበታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ለብቻው የተዘጋጀ ፈተና የለም። በጎንደር ወይም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ መማር የሚፈልግ ልጅ በሩ ማትሪክ ነው፤ ከማትሪኩ በኋላ ደግሞ ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት አለ፣ ምደባው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ክርክሬም በዚህ በር ላይ ነው፦ ሽምደዳው የትኛውንም ተማሪ ይጎዳል፣ ወደ ዓይን ሙያ የሚያመራውን ግን ከማንም በላይ ይጎዳል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ጥፋቱን ሁሉ በሽምደዳ ላይ ልጭን አልፈልግም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅንም ውጫሌንም አዳርሷል፤ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ የማያውቅ የለም። የመምህርና የመጽሐፍ እጥረቱም አለ። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የጥያቄ ጥራዙ ገበያ አልቀዘቀዘም። ልጆቹ የቀድሞ ጥያቄ ሳያዩ አልገቡም፤ አይተው፣ አስምረውና አጥንተው ነው የገቡት። ጥያቄ ሳያዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ገብተው የወደቁ ይመስል ዛሬም መድኃኒቱ «ተጨማሪ ጥያቄ ስሩ» ነው። በዚህ ላይ ማትሪኩን በዕድል ያለፈውን በፍሬሽማን ዓመት ጄኔራል ፊዚክስ፣ ሒሳብና የአመክንዮ ትምህርት ይጠብቁታል፤ ወደሚፈልገው ዲፓርትመንት የሚያስገባው የዚያ ዓመት ውጤት ነው፣ ለዚያ ደግሞ ቴሌግራም የሚያወርደው መልስ የለም።

ነገሩን በአንድ ጥያቄ እንየው። የትኩረት ርቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰብሳቢ ሌንስ ጉልበቱ ስንት ዳይኦፕተር ነው? መልሱ 5 ነው። የሸመደደው ልጅ «5» ብሎ ያስታውሳል፣ ይብስ ሲል «ሲ» ብሎ። በሚቀጥለው ዓመት 20ው ወደ 25 ሲለወጥ ያው «ሲ» ይጠቁራል፤ ትክክለኛው መልስ ግን 4 ነው። አሁን ደግሞ ያው ትምህርት በሌላ መንገድ ሲሰጥ ተመልከቱ። ሽማግሌ የሚያነብበት፣ ከገበያ የተገዛ፣ ጠርዙ ላይ ፕላስ 2 የተጻፈበት መነጽር ይኑር። ቤቱ ይጨልም፣ በሩ ገርበብ ይበል፤ ከበሩ ፊት ለፊት ነጭ ወረቀት ተይዞ መነጽሩ ከወረቀቱ ቀስ እያለ ይራቅ። ግማሽ ሜትር ግድም ሲደርስ ከውጭ ያለው የአምባሰል ተራራ ተገልብጦ፣ ሰማዩ ከታች ገደሉ ከላይ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። አንድ ሜትር ለግማሽ ሜትር ሲካፈል 2 ነው፤ የመነጽሩ ቁጥር ከየት እንደመጣ ልጁ በዓይኑ አየ። ቀጥሎ የሩቅ ማየት የሚቸግረው ሰው የሚያደርገው መነጽር ይሞከር፤ ወረቀቱ ላይ ምንም ምስል አይወርድም። ማይነስ ማለት ምን እንደሆነ፣ የአያት መነጽር ሰሌዳ ማየት ለተሳነው ልጅ ለምን እንደማይሆን በዚያው ገባው። ይህን ያየ ልጅ ቁጥሩ በተቀያየረ ቁጥር አይደናገርም።

ኦፕቶሜትሪስት የሚባለው ሰው ቀኑን ሙሉ የሚሠራውም ይኸንኑ ነው። ብርሃን ወደ ዓይን ያስገባል፣ የተመለሰውን ይመለከታል፣ ሌንስ ይቀያይራል፣ «የቱ ይሻላል፣ ይሄኛው ወይስ ያኛው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ የመልስ ቁልፍ የለውም፤ እያንዳንዱ በሽተኛ አዲስ ጥያቄ ነው። አገሪቱ የሚያስፈልጋትም ይህን የሚችል ሰው ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው እይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የሞራ ግርዶሽ ያመጣው ነው፤ ከእይታ ድካሙ ግን ሲሶው በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ነበር። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለዓይኑ የሚሄድ የወሎ ሰው ሁሉ ቀዶ ሕክምና የሚያሻው አይደለም። ከዚህም የሚያሳዝነው፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰሌዳው የማይነበብለት ልጅ «ሰነፍ» ተብሎ ተጨማሪ የጥያቄ ጥራዝ የሚገዛለት መሆኑ ነው።

«የድሃ ልጅ ምን ያድርግ?» ይሉኛል። ቤተ ሙከራ የለም፣ ፎቶ ኮፒው ርካሽ ነው፣ ፈተናውም የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ያለውን ይዞ ይሩጥ እንጂ። ግማሹን እቀበላለሁ። የቀድሞ ጥያቄ የሰዓት አጠቃቀምን ያስተምራል፣ ድንጋጤን ያበርዳል፣ የቱ ምዕራፍ እንደሳሳ ይጠቁማል፤ ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይጠቅማል። ነገር ግን የመመዘኛው ዘንግ እህል አይሆንም። ድህነቱም ቢሆን የሚከራከረው ለእኔ ነው፦ ሌንሱ በየቤቱ ያለው መነጽር ነው፣ ተራራው በነጻ ነው፣ ጥራዙ ግን በየዓመቱ ይገዛል። ሌሎች ደግሞ በቃል መያዝ ባህላችን ነው፣ ሊቃውንቱ የወጡት በዚያ ነው ይላሉ። ይህን በሐይቅ ምድር መቃወም ድፍረት ይጠይቃል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ቦታ ካደረጉት ወዲህ አገሩ ለትምህርት ባዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ዳዊቱን በቃሉ ይይዛል፣ እውነት ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የትላንቱን ወይም የሌላውን ይዞ የቀረበ ያፍራል። በቃል መያዝ እዚያ ጓዳውን መሙላት ነበር፣ ወጡን የሚሠራው ተማሪው ራሱ ነው። የእኛ ሽምደዳ ከዚያ ትምህርት የወሰደው የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው፣ እሱንም ያለ መምህር።

ስለዚህ የሐይቅና የአምባሰል የፊዚክስ መምህራንን አንድ ነገር እለምናለሁ። የቅዳሜው ማጠናከሪያ የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ለመነጽርና ለነጭ ወረቀት ይሁን፤ የአምናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በዚያው ሰዓት የኋላ ወንበር ላይ ያለውንም ልጅ ሰሌዳው ይነበብለት እንደሆነ ጠይቁልኝ።